ለአንዲት እሺታ አራት ቀን ጎልፍ

ስልክ የባለቤቱን ጠባይ ከሚስቱ በላይ ያውቃል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ሚስት ስለሌለኝ ማወዳደር አልችልም። የኔ ስልክ ግን ስለኔ አውቃለሁ ብሎ የያዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎልፍ ይወዳል የሚል። ጎልፍ! ፍኖተ ሰላም ተወልጄ፣ ፍኖተ ሰላም አድጌ፣ እዚያው ፍኖተ ሰላም ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። ከከተማችን በፈለጋችሁት አቅጣጫ ብትወጡ በቆሎና በርበሬ ታገኛላችሁ እንጂ ጎልፍ አታገኙም።

ጥፋቱ የዝንብ ነው። አንድ ቀን ምሳዬን በልቼ ስልኬን ስጎረጉር አንዲት ዝንብ መጥታ መስታወቱ ላይ አረፈች። በጣቴ ልመታት ስል እሷ በረረች፤ ጣቴ ግን ከሥሯ የነበረ የጎልፍ ቪዲዮ ላይ አረፈ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ስልኬ የጎልፍ ጫማ ላሳይህ፣ የጎልፍ ኮፍያ ላስመርጥህ፣ እገሌ የሚባለው ፈረንጅ ዛሬ ስንተኛ እንደወጣ ልንገርህ እያለ ቁም ስቅሌን ያሳየኝ ጀመር። «አልፈልግም» የሚለውን ፈልጌ ስጫን ለምን እንዳልፈለግሁ ይጠይቀኛል። ምክንያቴን ስጽፍ ኢሜይልህን አምጣ ይላል። ኢሜይሌን ስሰጠው ጊዜ ጎልፉ በኢሜይልም ይመጣልኝ ጀመር። በየገጹ ይስማማሉ ወይ ይለኛል፤ እስማማለሁ። አልስማማም ብሎ የተሳካለት ሰው ታውቃላችሁ? እኔ በዕድሜዬ ከዘመድም ከባልንጀራም ጋር የዚያን ያህል ተስማምቼ አላውቅም። ጎልፍ የወደደችው ዝንቧ፣ ፍዳውን የምከፍለው እኔ!

ይህን የማወራው ግን ለራሴ አዝኜ አይደለም። በዚህ ጎልፍ ሰበብ ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ሚስት ሊያጣ ነበር።

ይበልጣል ቡሬ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ትርንጎን ያወቃት እሷ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት መብራት ሊጠግን ገብቶ ነው። ያ መብራት ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚበላሸው ለምን እንደሆነ አልጠየቅነውም። ብቻ ሁለቱ ተስማምተዋል፤ የቀረው የአባቷ የአያ ምንይችል ቃል ነው። አያ ምንይችል ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ከኛ በፊት ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን ሁለት ጊዜ በባዶ አፍ ሸኝተዋል። ወንድሜ ሦስተኛው እኔ ነኝ ብሎ እህል አልበላ አለ። ከሲታ ነበር፤ ጭራሽ ቀበቶው ዞሮ ዞሮ ጀርባው ላይ ሊቆለፍ ምንም አልቀረውም።

ሦስት ሆነን ሄድን። አንደኛው መሪጌታ እንየው ናቸው፤ ንግግር አዋቂ በመሆናቸው ነገሩን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው የወንድሜ የቤት አከራይ፣ የቡሬው እህል ነጋዴ ሐጂ ሰይድ ናቸው። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ራሴ ግን ቀድሞኝ ስለሸመገለ ለዚህ ማዕረግ የበቃሁት በፀጉሬ መሄድ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሐሙስ ደረስን። እንደ ወጉ ተቀመጡ ስንባል አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን ብለን በር ሥር ቆምን። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ከአዳም ጎን ተነሥተው፣ ሣራንና ርብቃን አዳርሰው፣ በስንት ዙር ማንኩሳ ደረሱ። ልክ «ልጅዎን ትርንጎን ለልጃችን ለይበልጣል» ሲሉ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ላጠፋው አውጥቼ በድንጋጤ ስነካካው የጎልፉ የቀጥታ ስርጭት ተከፈተና ስንትና ስንት ሺህ ሕዝብ ጭብጨባውን አቀለጠው።

አያ ምንይችል ቤቱን ግራ ቀኝ ቃኙና፣ እኔ እሺ ሳልል ማን ነው የሚያጨበጭብብኝ አሉ።

ጥፋቴን ተናዝዤ ይቅርታ ስለምን ስልኩን ወዲህ በል ብለው ተቀበሉኝ። ይወረውሩታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ፊታቸው በርቶ አየሁ። ለካ አንድ ሰው ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዞ ትንሽ ኳስ ሲመታ አይተዋል። «ገና ነው እኮ!» አሉ። አያ ምንይችል በጉብዝናቸው ዘመን በገና ጨዋታ አገር ያወቃቸው መቺ ነበሩ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? እሳቸው በዚህ ተረት ተከልለው የብዙ ጌቶች ቅልጥም ሰብረዋል። ወዲያው ተቀመጡ አሉን፤ ከሣራና ከርብቃ ይልቅ ያስቀመጠን ጎልፉ ነው።

ከዚያ ጥያቄው ዘነበ። ቡድኑ የታል? ቡድን የለውም፣ እያንዳንዱ ለራሱ ነው አልኳቸው። ታዲያ የሚከላከለው ማን ነው? ማንም። ማንም ካልተከላከለውማ ምኑን ጨዋታ ሆነ ብለው አዘኑ። ያንን ከባድ ኮረጆ ተሸክሞ የሚከተለው ምስኪንስ አንድ ጊዜ እንኳ አይመታም? ለሱም አዘኑ። ከሁሉም ያበሳጫቸው ሣሩ ነበር፤ ውድድሩ ዓረብ አገር ነው ስላልኳቸው፣ በበረሃ ይህን የመሰለ ሣር አብቅሎ አንዲት ጥጃ አለማሰማራት ምን የሚሉት ጥጋብ ነው አሉ። ሐጂ ሰይድ ሐጅ አድርገው የመጡ በመሆናቸው ያን አገር አውቀዋለሁ፣ ሣር የሚባል የለበትም፣ ይሄ ምንጣፍ ነው ብለው ተከራከሩ። መሪጌታ ደግሞ ሰውየው ሊመታ ሲል ሕዝቡ ሁሉ ጸጥ ማለቱን አይተው፣ ከመምታታቸው በፊት ጸሎት ያደርሳሉ ማለት ነው አሉና ወደዷቸው።

በመጨረሻ ማን አሸነፈ ተባልኩ። ጨዋታው አራት ቀን እንደሚፈጅ ተናገርኩ። አያ ምንይችል ራሳቸውን ነቀነቁና፣ የኛም ነገር በአንድ ቀን አይቆረጥም፣ ነገ ተመለሱ አሉ። የሽምግልና ወግ ታውቁ እንደሆነ፣ ተመለሱ ማለት ቢያንስ ከሳምንት በኋላ ነው። መሪጌታ ነገ መባላችንን እንደ መልካም ምልክት ቆጠሩት። ሐጂ ሰይድ ነጋዴ ናቸውና፣ የተቀጠርነው እኛ ሳንሆን ስልኩ ነው አሉኝ።

ዓርብ ዕለት አያ ምንይችል ሰው መረጡ። ቀይ ኮፍያ ያደረገ ቦርጫም ነው። ሌሎቹ ሲስቱ ፈገግ ይላሉ፤ እሱ ግን ዱላውን እየወረወረ ራሱን ይሳደባል። ይህስ ሰው ነው ብለው አንበርብር የሚል ስም አወጡለት። ቅዳሜ አንበርብር አንደኛ ወጥቶ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። የጎልፍ አስተላላፊዎች በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት፤ አያ ምንይችልም በገዛ ቤታቸው በሹክሹክታ ያወሩ ጀመር። እኛም ስለ ጋብቻው በሹክሹክታ ጠየቅን፤ በሹክሹክታ ቆዩ ተባልን። ማታ ስንሰናበት ግን ጉድ አፈሉ። የነገው ለእናንተም ምልክት ነው፤ አንበርብር ከቀናው ልጃችሁም ይቀናዋል፤ ካልቀናው ግን... ብለው ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ። መሪጌታ በብሉይም በሐዲስም እንዲህ ያለ ምልክት የለም ብለው ተናደዱ። እኔም ተናድጄ ነበር። ግን ልጅቱ የማን ናት?

ለወንድሜ ደውዬ ለአንበርብር ጸልይለት አልኩት። አንበርብር ማን ነው አለኝ። አንድ ቦርጫም ፈረንጅ ነው ስለው፣ እሱም ሽማግሌ ልኳል እንዴ አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰብን። ነገሩ እስከ መጨረሻዋ ጉድጓድ ደረሰ። አንበርብር ያችን አንዲት ኳስ ካስገባ አሸናፊ ነው፤ ርቀቷም ከምድጃው እስከ በሩ አትሆንም። አያ ምንይችል ግን ማየት አልቻሉም። ስልኩን ለእኔ ሰጥተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩና፣ አንተ እይልኝ አሉ። ሌላውም ሰው አቀርቅሮ ከንፈሩን ነከሰ። አንበርብር አጎነበሰ፣ ዱላውን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ፤ ስልኬ ላይ የጎልፍ ጓንት ማስታወቂያ መጣ።

አዎ፣ ጓንት። አሥራ አምስት ሰከንድ፣ መዝለል አይቻልም። አንዲት ፈገግተኛ ሴት ጓንቱን አጠለቀች፣ አወለቀች፣ እንደገና አጠለቀች። እሷ ስትሄድ ኔትወርኩም አብሯት ሄደና ያች የተረገመች ክብ ትዞር ጀመር። ከጋቢው ውስጥ፣ ምን ሆነ የሚል ድምፅ መጣ። የወንድሜ የከሳ ፊት ድቅን አለብኝ። ምን ላድርግ? እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

«ገባች!» ብዬ ጮህኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔው እስኪያድር እንኳ አልታገሠም። ገና አፌን ሳልገጥም ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የሴት ጩኸት ተሰማ፤ «ወይኔ ጉዴ! ሳታት!» ትርንጎ ናት። እንደ ወጉ ሽማግሌ ሲመጣ እንዳልሰማች መሆን የነበረባት ልጅ፣ ለሽምግልናው ከቡሬ መጥታ፣ ዕድሏ በአንበርብር ዱላ ላይ መንጠልጠሉን ስታውቅ በራሷ ስልክ ጓዳ ተቀምጣ ስትከታተል ኖራለች። የሷ ስልክ ጓንት የሚባል ነገር አላሳያትም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ያዩ ጀመር፤ ሐጂ ሰይድ አስተግፊሩላህ አሉ። እኔ ያች ኳስ አልገባ ያለችበት ጉድጓድ ብትገኝ እገባባት ነበር። ወንድሜን በገዛ አፌ ቀበርኩት ብዬ እንባዬ መጣ። አያ ምንይችል ጋቢያቸውን ቀስ ብለው ከራሳቸው አወረዱ፤ እኔን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ፣ ደግሞ እኔን አዩ።

ከዚያ ለመሪጌታ እንዲህ አሏቸው፤ «ሽማግሌ ብላችሁ ያመጣችሁት ዋሸ። ልጄ ግን ባሏን የሚያሳጣትን ነገር እውነት ነው ብላ ተናገረች። እናንተ ቤት እውነት የሚናገር ሰው እንደሌለ በጆሮዬ ሰማሁ። ታስፈልጋችኋለች፤ ውሰዷት።»