መድኃኒት የሚያካፍሉት እትዬ የብርጓል

ኪኒን ለብቻው የሚውጥ ጎጃሜ እስከ ዛሬ አላየሁም። በየመንደሩ ሐኪም ያዘዘለትን ለጎረቤት የሚያድል አንድ ደግ ሰው አይጠፋም፤ የአምበር ከተማዋ ጎረቤቴ እትዬ የብርጓል ግን የእነዚህ ሁሉ ሊቀ ሊቃውንት ናቸው።

ራሴን አመመኝ ብላቸው ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው የጨጓራቸውን ኪኒን ሰጥተውኛል። "እኔን ያሻረኝ አንተን እምቢ ይልሃል?" የደም ግፊታቸውን መድኃኒት ከእድሩ ዳኛ ጋር ገምሰው ይውጡ ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ ቢቆጣቸው "ልጄ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" አሉት። እኔ ሳቅሁ።

አምና ጡታቸው ላይ እብጠት ወጣ፤ ካንሰር ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ መሳቅ ቀረ። ልጅ የላቸውምና አዲስ አበባ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ስንገባ ጎረቤታችን ወለተ ኪዳን ቀድማ ተቀምጣለች፤ እሷም ያው በሽታ ነበረባት።

"ምነው እትዬ?" አልኳቸው።

"እሚሰጡኝን እንካፈላለና!"

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተር ወንጌላዊት ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና እንዳለ አስረዳቻቸው። ናኖ የሚሉት፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር በደም ሥር ይገባል። ዕጢው ከተቀበለው በመሣሪያ በሚነሳው ምስል ላይ ያበራል፤ ካበራ ያው ደቃቅ ነገር መድኃኒቱን ተሸክሞ እዚያው ያራግፋል።

"ግን የሁሉ ሰው ዕጢ አይቀበለውም። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይታያል እንጂ አይካፈሉትም" አለች።

"እንግዲያስ ለሷም ይታይላት" ብለው አልጋው ላይ አልወጣም አሉ። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ዶክተሯ የወለተ ኪዳንን ወረቀት አገላብጣ አየችና ሁለቱንም መዘገበቻቸው።

ሁለቱም መርፌውን ተወጉ፤ በማግስቱ ምስሉ ደረሰ። የወለተ ኪዳን ዕጢ እንደ ፍም በርቷል። የእትዬ የብርጓል ግን ጨለማ ነው።

"ለእርስዎ ሌላ እንፈልጋለን" አለች ዶክተሯ፤ ዓይኗን ግን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም።

እትዬ የብርጓል የጎረቤታቸውን ምስል በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት። "ተመስገን! ባትመጣ ኖሮ ማን ያውቅላት ነበር?" አሉ፤ ፊታቸው ላይ ቅሬታ ፈልጌ አጣሁ።

እኔ እንደሳቸው ደግ አይደለሁም። ያን ምስል ሳይ ምነው የበራው የሳቸው በሆነ ብዬ ተመኝቻለሁ። ለእትዬ የተባለው ሌላ ሕክምና እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወለተ ኪዳን ድና በደጄ ስታልፍ ሰላም ትለኛለች፤ እኔ ግን ቀና ብዬ አላያትም።