የኮልፌው ባሕረ ኤርትራና የሰባቱ አረንጓዴ ዓሦች ዜና

በአብዮቱ በስምንተኛው ዓመት፣ ትርፍ ቤት የሰፊው ሕዝብ በሆነ በሰባተኛው፣ በወርኃ መጋቢት መግቢያ፣ ሀብተሥላሴ፣ መጋቤ ዓሣት፣ ሠላሳ ዓመት በቦቴ የአሰብን በረሃ የረገጡ፣ ለዓሦቻቸው አንድ ጣሳ ውሃ ጨመሩ። ይህም ለሚመጣው ትውልድ እንዳይጠፋ ተጻፈ።

ዓሦቹ ሰባት ነበሩ፤ ቁመታቸው የጣት ሁለት አንጓ፣ መልካቸው እንደ እሸት ባቄላ አረንጓዴ። በሀብተሥላሴ የመጨረሻ ጉዞ ከነጨው ውሃቸው፣ ከነዛጎል ድንጋያቸው በጀሪካን ተጭነው ከአሰብ ተነሡ፤ አዋሽን ተሻገሩ፤ በጦር ኃይሎች አልፈው ኮልፌ ገቡ፤ በፊተኛው ክፍል በመስታወት ሣጥን ሰፈሩ። አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል፤ አንዱ ሲቆም ሁሉም ይቆማል።

ይህ የፊተኛው ክፍል ግን ቀበሌ ዓይኑን የጣለበት ነበር፤ ባልና ሚስት ሁለት ክፍል ምን ያደርግላቸዋል ተብሎ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ተወስኖ ነበርና። ሊቀመንበሩ ጓድ ደመቀ ቁልፉን ሊረከቡ በመጡ ጊዜ ግን የዓሦቹን አካሄድ አይተው ተደመሙ፤ እንዲህም ሲሉ ዐወጁ፦ «ጓዶች! አለቃ የለ፣ ሎሌ የለ፣ ግልምጫ የለ! ይህ ክፍል የኅብረት ኑሮ ማስተማሪያ ይሁን። በወሩ ኮሚቴው መጥቶ ያያል። ኅብረቱ ከጸና ቤቱም ይጸናል፤ ከፈረሰ ቁልፉ ይመጣል!»

ወእምዝ ታላቅ ዘመቻ ሆነ። ዓሣ ያለ አየር አይኖርምና ከመነዳሪ የሚሉት የቦቴ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጎሚስታው ዘንድ እየተነፋ፣ አየሩ በቀጭን ቱቦ ወደ ውሃው እየተንፎለፎለ ይወርድ ነበር። ስለዚህ በየማለዳው ሰልፍ ይወጣል፦ በፊት ሀብተሥላሴ መንገድ እያስለቀቁ፣ ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ቀጄላ ከመነዳሪውን እንደ ድሪ አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ ከኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩብርሃን የቱቦውን አፍ በአውራ ጣታቸው ደፍነው፣ ከእርሳቸውም ኋላ ሥራ የፈታ ሁሉ፣ ፌርማታ ላይ የቆመውም አውቶቡሱን ትቶ። ቀለቡም የእንቁላል አስኳል ነበርና ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከደጃፍ ቆመው ዐወጁ፦ «ጎረቤት ስማ! በሁዳዴ እንቁላል የምቀቅለው ለዓሣ ነው፤ እኔ ሽምብራ ነው የምቆረጥመው! አንተም ሀብቴ፣ ጣትህን ስትልስ ባገኝህ ወዮልህ!»

በሦስተኛው ቀን ግን ሰባቱ ስድስት ሆኑ። ሀብተሥላሴ ድመት ጠርጥረው ሣጥኑን ከደኑ፤ አምስት ሆኑ። አጋንንት ጠርጥረው ጠበል አሰቡ፤ ጨው እንዳያሳሳ ብለው ተዉት፤ አራት ሆኑ። በመጨረሻ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቀው ቢያዩ፣ ለካ ሰው ፊት ሲቆም ነው ተሰልፈው የሚዋኙት፤ ሰው ዘወር ሲል ትልቁ ትንሹን ከጥግ ወደ ጥግ እያሳደደ ጅራቱን ይነጨዋል። በወንፊት ቢለዩአቸው ዘሎ ተሻገረ። ኮሚቴው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀር አንድ ዓሣ ቀረ፤ እርሱም ወፍሮ።

የአሰብ ሙቀት ያልበገራቸውን ሰው ይህ በገራቸው፤ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ይዳብሱ ጀመር። ያን ጊዜ ቀጄላ ዐወጀ፦ «ጋሼ፣ ይተዉ እንጂ! እኔ አንድ ራስ ላጭቼ መቶ ራስ የማሳይ ሰው አይደለሁ?» ብሎም የፀጉር ቤቱን ሁለት ታላላቅ መስተዋቶች ነቅሎ አመጣ፤ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛም አንዱን ጫፍ ይዞ ተከተለ። በሣጥኑ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቢያቆሟቸው፣ አንዱ ዓሣ እልፍ አእላፋት ሆነ።

በማግሥቱ ኮሚቴው ገባ፤ አየ፤ ደነቀው። ጓድ ደመቀም ዐወጁ፦ «ጓዶች! ሰባት የነበሩት ይኸው ቁጥር ጠፋላቸው! አንድ እንኳ የሚያፈነግጥ የለም!» ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ማኅተሙን ሊያወጡ ጭብጨባውን በእጃቸው ጸጥ ባሰኙት ጊዜ፣ ዓሣው በመስተዋቱ ሌላ ዓሣ አየ። እልፍ አእላፋት ዓሦች በአንድ ጊዜ ተወርውረው የሣጥኑን ግድግዳ መቱ፤ የተሰማው ግን አንድ «ጠቅ» ነበረ።

ደግሞ፣ «ጠቅ።»

ኮሚቴው ኮርኒሱን አየ። ጓድ ደመቀ ጎንበስ ብለው በሌባ ጣታቸው ቆጠሩ፤ ጣቲቱም ከአንድ አላለፈችም። ስድስቱ የት ደረሱ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅምና። ማኅተሙም ወረደ፤ ቤቱም ጸና።

ክብር ለሀብተሥላሴ፣ ባሕርን በጀሪካን ላጓዙ፣ አየርን በጎማ ላስገበሩ፣ አንዱን እልፍ ላደረጉ፤ ስማቸው ከኮልፌ እስከ ሳንሱሲ ይመስገን! ኮሚቴው ግን ሊወጣ ተነሥቶ ከበሩ ሲደርስ፣ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባለ፣ ጀርባውን ለጓዱ የሚሰጥ አንድ ሰው ጠፍቶ፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ሽምብራቸውን ቆርጥመው እስኪጨርሱ ድረስ ደጃፉ ላይ ቆመ።