መኪናው ሊነሳ ነው

እኛ የጭሮ ጫት ነጋዴዎች ከሁሉ አስቀድመን የምንማረው ሰው ማጣደፍ ነው። ገበሬው ጫቱን ታቅፎ በዋጋው ሲያመነታ፣ «አቦ ወስን፣ መኪናው ሊነሳ ነው» እንለዋለን። መኪናው ጎማው ተፈትቶ ጋራዥ ቢቆምም ሊነሳ ነው። እናንተ ውሸት ትሉት ይሆናል፤ እኛ ሥራ ነው የምንለው። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚህ ነው፤ ታዲያ አንድ ስልክ ይህንኑ ሙያዬን ከእኔ በተሻለ ተክኖበት የገዛ ልጄን ያጣድፋታል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ነጃት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የልብ ጓደኛዋ ሐናን ከቤተሰቧ ጋር ገለምሶ ከገባች ወዲህ በየቀኑ በስልክ ፎቶ ይላላካሉ። በሁለቱም በኩል ፎቶ በደረሰ ቁጥር ከስማቸው ጎን ትንሽ የእሳት ምልክት ትበራለች፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ትጠፋለች። እኔ የልጆች ጨዋታ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ለካ ለነጃት እሳቷ ጠፋች ማለት ሐናን ጠፋች ማለት ነው።

ባለፈው ሐሙስ ጭሮ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ኔትወርክ አልነበረም። ከቀትር በኋላ ቤት ስገባ ነጃትም የለችም። ባለቤቴ ፋጡማ እኔ ጋ ያለች መስሏታል፤ እኔ ደግሞ እሷ ጋ። ልደውል አልኩ፤ በምን ኔትወርክ? ባለሱቁ ጎረቤታችን፣ «በጫት መኪና ወደ ሚኤሶ ስትወርድ አይቻታለሁ፤ አንተ የላክሃት መስሎኝ» አለኝ። የጫት መኪና ያንን ቁልቁለት እንዴት እንደሚወርደው አውቃለሁ። ሾፌሮቹን ፍጠኑ የምለው እኔው ነኝ።

ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። የተገለበጠ መኪና እንዳላይ «ያ ረቢ» እያልኩ በየኩርባው ገደሉን ሳይ ሚኤሶ ደረስኩ። ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት አጠገብ፣ ሻይ ቤት በር ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። ልቆጣ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ።

«ማነው ያመጣሽ?»

«ሾፌሩን፣ ‹አባቴ ልኮኝ ነው፣ ቶሎ በል› አልኩት።»

በጫት ከተማ ቶሎ በል ያለን ሰው ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

«አባ፣ እዚህ ኔትወርክ አለ፤ እኔ ልኬያለሁ። ሐናን ግን አልመለሰችም» አለች። ገለምሶም ኔትወርክ ጠፍቶ እንደዋለ የሰማነው ኋላ ነው። ከእሳቷ ጎን፣ ጊዜው ሊያልቅ ነው የሚል የአሸዋ ሰዓት ምልክት ወጥቶ ነበር። አብሬያት ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ከእናንተ አልደብቅም፣ የእኔም ልብ ተሰቅሎ ነበር። እሳቷ ጠፋች። ነጃት ሰው እንደሞተባት አለቀሰች። ስልኩ ወዲያው፣ ሦስት ጓደኞች ከጋበዝሽ እሳትሽን እመልስልሻለሁ አላት። ይህችን አውቃታለሁ። ገበሬው ተስፋ ቆርጦ ጫቱን ሲያነሳ፣ «ና እስቲ፣ ላንተ ብዬ ነው» ብዬ የምጠራው እኔ ነኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ሥራዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጋራዥ ስለቆመው መኪና ሳይቀር።

ቅዳሜ ገበያ ይዣት ወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ጫታቸውን ታቅፈው አመነቱ። አፌን ስከፍት ነጃት አየችኝ።

«አይቸኩሉ አባባ፣ መኪናው ገና ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው በጥርጣሬ አዩኝ። ከዚያ ጫታቸውን ሰብስበው፣ «መኪናው ሊነሳ ነው» እያለ ወደሚጮኸው አጠገቤ ወዳለው ነጋዴ ሮጡ።

ነጃት እሱ ጋ እስኪደርሱ ድረስ በዐይኗ ተከተለቻቸው።

«አባ፣ እኔም እንዲህ ነበርኩ?» አለችኝ።