የጋሽ ዘመድኩን ሳጥን

ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ፣ የከተማውን ሕግ ከከንቲባው አስበልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ለሲያትል የደረሷት ሊቀ ሕግጋት ጋሽ ዘመድኩን ናቸው። የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳያነቡ አያልፉም፤ ያነበቡትንም ለብቻቸው አይዙትም።

ለቅሶ ቤት ገብተው፣ ገና "ነፍስ ይማር" ሳይሉ፣ "ያቺ ግራጫ ቶዮታ የማናት? የእሳት አደጋ ቧንቧ ዘግታለች" ብለው ሐዘንተኛውን ከፍራሽ ያስነሱ ሰው ናቸው። ቱክዊላ በተደረገ ሰርግ ደግሞ፣ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ በሩ ላይ አነበቡና እንግዳውን በጣታቸው ቆጥረው ሁለት ሚዜዎች ወደ ውጭ አስወጡ። ሙሽራው ቢለማመጣቸው መልሳቸው ያው የተለመደው ነበር፤ "ልጄ፣ ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም።"

እኔ ቁጭ ማለት አልወድም። ቅዳሜ ቤት ከዋልኩ ግድግዳው ይጫነኛል። እሳቸውም ከአውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ እግራቸው አላርፍ ብሏል። ሌላ ሰው ለእኛ ጊዜ ስለሌለው እኔና እሳቸው ተጣመድን፤ ዝናብ አንል ጭጋግ፣ ጫካ ለጫካ እንዞራለን።

የምንዞረው ለጂኦካሺንግ ነው። አንድ ሰው ትንሽ ሳጥን ፓርክ ውስጥ ይደብቅና ያለችበትን ቦታ በስልክ መተግበሪያ ያሳውቃል፤ የማያውቀው ሰው ፈልጎ ያገኛታል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ከውስጧ ካሉት ትናንሽ ዕቃዎች አንዱን ወስዶ በምትኩ ሌላ ያስቀምጣል። የልጆች ድብብቆሽ ነው ብዬ ነበር። ጋሽ ዘመድኩን ግን ሕገ መንግሥት አደረጉት።

"መሬት አይቆፈርም። ዛፍ ላይ ሚስማር አይመታም። ከመንገዱ አይወጣም። የሚበላ ነገር አይገባም። ሶ፣ ከሁሉም በፊት ፐርሚሽን!"

ዋይት ሴንተር አጠገብ ባለ ፓርክ የራሳቸውን ሳጥን ለማስቀመጥ ሲሉ፣ የፓርኩን ቢሮ ኮል ያላደረጉበት ሳምንት አልነበረም። በመጨረሻ የፈቀዱላቸው ስልካቸው እንዲያርፍ ብለው ይመስለኛል።

ያቺን ሳጥን ግን ሲወዷት! "እኔ ያስቀመጥኩትን ነገር ፍለጋ ሰው ከኤቨረት ከተማ ድረስ ይመጣል" አሉኝ አንዴ። "ቤቴ ግን የሚመጣ የለም።"

ጣጣው የመጣው በእትዬ ሽቱ ነው። የጋሽ ዘመድኩን ጎረቤት ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያፍታቱ ብለን አብረን ወሰድናቸው። ሳጥኗን ከፍተው ለልጅ ልጃቸው አንዲት የፕላስቲክ ፈረስ አነሱ። ታዲያ የሰው ዕቃ እንዲሁ ባዶውን ይመለሳል? እኛ ዞር ስንል ከቦርሳቸው ቆሎ አውጥተው ጢም አድርገው ሞሏትና ክዳኗን ገጠሙ።

በሳምንቱ ሦስታችን ስንመለስ ሳጥኗ ተነካክሳለች፣ ቆሎው ተበትኗል፣ አንዲት የፓርኩ ጠባቂ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቆማለች። ራኩን የሚሉት ሌባ አውሬ ሲደግስበት አድሯል። ጠባቂዋ ቁርጡን ነገረችን። ምግቡን ያስቀመጠው እንግዳ ከሆነ ስሙ ተመዝግቦ ይቀጣል። ባለቤቱ ራሱ ከሆነ ግን ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ሳጥኗም ትነሳለች። ይህን ብላ ዓይኗን እትዬ ሽቱ እጅ ላይ ጣለች። እትዬ ሽቱ ሌላ ፌስታል ቆሎ ይዘው መጥተዋል።

ዩኒፎርም የሚያስፈራቸው ሴት ናቸው። "ባዶዋን እንዴት ልተዋት? ነውር አይደለም እንዴ?" አሉ በአማርኛ፣ ለማን እንደሆነም ሳይለይ።

ጋሽ ዘመድኩንን አየኋቸው። ሚዜ ያልማሩ ሰው እኚህን ምስኪን ሊምሩ ነው? አሁን ሕጉን ያነቡባቸዋል ብዬ ገና ሳይናገሩ ተናደድኩባቸው።

እሳቸው ፌስታሉን ከእትዬ ሽቱ እጅ ቀስ ብለው ተቀበሉና በእንግሊዝኛ፣ "የእኔ ነው" አሉ። "ይሄም፣ ያኛውም። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

ጠባቂዋ አፍጥጣ አየቻቸው። ያመነቻቸው አይመስለኝም። ቢሆንም ሳጥኗን አንስታ መኪናዋ ላይ ጫነች። ጋሽ ዘመድኩን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ መኪናዋ ከዓይናቸው እስክትሰወር እዚያው ቆሙ። አንጀቴን በሉት።

ስንሳፈር እትዬ ሽቱ ከኋላ ወንበር ሆነው ዝም ማለት አላስቻላቸውም። "ዘመድኩን፣ አንተ ትዋሻለህ? ለእኔ ብለህ?"

ጋሽ ዘመድኩን ሞተሩን ሳያስነሱ በመስታወቱ አዩአቸው። ዓይናቸው ቀልቷል።

"እትዬ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ" አሉ።

እኔም የራሴን ማንም ሳይነግረኝ አሰርኩ።