በየትኛው መርከብ?

ኢትዮጵያውያን በተሰበሰቡበት ከተማ ሁሉ አንድ አያት ፈላጊ አይጠፋም። እጅህን ጨብጦ ሳይለቅ የማን ልጅ እንደሆንክ ይጠይቅሃል። የአባትህን ስም ስትነግረው የአያትህን፣ የአያትህን ስትነግረው የቅድመ አያትህን ይላል፤ አራተኛው ስም ላይ ስትደርስ ዘመዱ ሆነህ አርፈሃል። ዴንቨር ያለው ባላባት ያደርግሃል። ዳላስ ያለው ከነገሥታት ጋር ያዛምድሃል። የእኛ የፌርፋክሱ ግን ባሕር ላይ ያወጣሃል።

ክቡር አድሚራል ተክለብርሃን ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ለማሾፍ ነበር፣ እሳቸው ግን አመስግነው ተቀበሉኝ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል። ሎንግ ቢች የሚኖሩት የቤት ኪራዩ ስለሚቀል ነው፤ ሲጠየቁ ግን «ወደቡን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል» ይላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደተደረደሩበት የፌርፋክስ መንገድ ይመጡና የሱዓድ ምግብ ቤት መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። አሮጌ መኪናቸውን ፓርክ አደረግኩ አይሉም፤ መልሕቅ ጣልኩ ይላሉ። መንገድ ስለሚጠረግ ማቆም በሚከለከልበት ቀን መልሕቅ ጥለው የቅጣት ቲኬት ሲለጠፍባቸው ደግሞ የወደብ ቀረጥ ነው ብለው በክብር ይከፍላሉ።

ስለ ሞተ ሰው የፈለግከውን ብታወራቸው ጥያቄያቸው አንድ ነው።

«አያቴ ደብረ ማርቆስ ዳኛ ነበሩ።»

«በየትኛው መርከብ?»

«ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ እኮ ነው የምልዎት። እዚያው በወባ ሞቱ።»

«መሞቱንማ ሁሉም ይሞታል። በየትኛው መርከብ?»

ነገሩ የጀመረው በምራቅ ነው። ልጃቸው ለልደታቸው ምራቅ ተተፍቶበት የሚላክ የዘር መመርመሪያ ገዛችላቸው። መልሱ ሲመጣ ከመቶ ሁለት እጁ የመን ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ገርሞት ያልፈው ነበር። ጋሼ ተክለብርሃን ግን ትንሽ አሰቡና «የመን በእግር አይመጣም» አሉ። በእግር ካልመጣ በመርከብ ነው። መርከብ ካለ ካፒቴን አለ። ካፒቴኑስ ማን ይሆናል? ወንድ አያታቸው በወጣትነታቸው ከቤት ወጥተው ሁለት ዓመት የት እንደከረሙ አይታወቅም ነበር። ሌላ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ነገር ሸፋፍኖ ያልፈዋል፤ ጋሼ ተክለብርሃን ምጽዋ አገኟቸው።

መርከቧ ወለተ ጊዮርጊስ ትባላለች። ይህ የክርስትና ስሟ ነው፤ የዓለም ስሟን ገና እያፈላለጉ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ሰው የምትይዝ ባለ ሸራ ጀልባ ነበረች። ነገር ግን በዲቪ የመጣውም፣ ቤተሰብ ያመጣውም ሱዓድ ቤት ገብቶ «አያቴን እንኳ ብዙም አላውቃቸውም» ባለ ቁጥር ጋሼ ተክለብርሃን አያቱን ስለሚያሳፍሩለት መርከቧ እየሰፋች ሄደች። ባለፈው ዓመት ፎቅ አወጣች። ዘንድሮ የበቅሎ ጋጣ አላት ሲባል ሰማሁ።

ካፒቴኑ አያት ከጠረጴዛው በላይ በፍሬም ተሰቅለዋል። ቬኒስ ቢች የሚቀመጥ ሠዓሊ በቃል ተነግሮት የሣላቸው ናቸው። ሠዓሊው ፊት ለፊቱ ያየው የነበረው ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ ሥዕሉ ቁርጥ ጋሼ ተክለብርሃንን ነው፤ ኮፍያው ብቻ የአያታቸው ነው።

ከእኛ መሐል በእርግጥ መርከበኛ አያት ያላት ሱዓድ ብቻ ናት። አንድ ቀን ትሪ እያነሳች «የእኔም አያት መርከብ ላይ ይሠራ ነበር» አለቻቸው። «በየትኛው መርከብ?» አሉ ከልማድ። ሱዓድ የመርከቡን ስም፣ ከአሰብ ተነስቶ የት እንደሚሄድ፣ ጨው ይጭን እንደነበር ሳይቀር ነገረቻቸው። ጋሼ ተክለብርሃን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም። ለዚያ ጥያቄ መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። አይተዋት፣ አይተዋት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማስረጃ አለሽ?» አሉ።

እኔ አልሳፈርም ብዬ ኖሬያለሁ። አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ መንዝ ተወልደው መንዝ የሞቱ፣ ከጀማ ወንዝ የሰፋ ውኃ ያላዩ ሰው። እህቴ የሺሃረግ ግን በአንድ ምሳ ተረታች። «እስኪ አስቢው፣ የሺዬ» አሏት። «ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ተደግፎ፣ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘ፣ ሳይወድቅ የሚያነጋ ሰው ይህን የት ተማረው? ደረቅ መሬት ላይ?» በዚህ መንገድ አያታችን የወለተ ጊዮርጊስ የሌሊት ዘብ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ አንድ አያት ለእህቴ መርከበኛ፣ ለእኔ መሪጌታ ሆነው ኖሩ።

አድሚራሉ ራሳቸው ባሕር ላይ ለመውጣት የሞከሩት አንድ ጊዜ ነው። ልጃቸው ዓሣ ነባሪ የሚያሳይ ጀልባ ቲኬት ቆርጣልን ሎንግ ቢች አብሬያቸው ሄድኩ። ተሳፈሩ፤ አድማሱን አዩ፤ ፊታቸው የተቀቀለ ጎመን መሰለ። «ሆዴ ተገለበጠ» አሉኝ። ገመዱ ገና አልተፈታም ነበር። ትከሻዬን ተደግፈው ሲወርዱ «ፌርፋክስ እንዳይሰማ» አሉ። ፌርፋክስ አልሰማም።

ከሁሉ አስበልጠው የሚወዱት ታሪክ የመሐላውን ነው። ወለተ ጊዮርጊስ ዳህላክ አጠገብ በማዕበል ስትያዝ ካፒቴኑ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ወንጌል አስይዘው አማሉት። ከዚህ ከወጣን የአንድ እናት ልጆች ነን ተባባሉ፤ ማዕበሉም ቆመ። ታሪኩ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይጨመርበታል፤ አንዴ መብረቅ፣ አንዴ ሻርክ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ አድማጩ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጣቸው ጊዜ «ልጆቻችንም እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም ብለው ማሉ» ብለው ጨመሩ። ከአድማጮቹ አንዷ እትዬ አምሳለ ነበሩ።

እትዬ አምሳለ ግሌንዴል ውስጥ አረጋውያን የሚንከባከቡ፣ የሰሙትን የማይረሱ፣ የያዙትን የማይለቁ ሴት ናቸው። አባታቸው የገዛ አባቱን ከነትውልዱ በስም እንጂ በመልክ ሳያውቀው ያደገ ሰው ነበር። ለዚህ ከስም በስተቀር ምንም ላልተረፈው አያት ጋሼ ተክለብርሃን የመርከቧን ወጥ ቤት ሰጡት። በማዕበል መሐል ሽሮ አፍልቶ ጠብታ ያላፈሰሰ ወጥ ሠሪ ሆነ። እትዬ አምሳለ በአባታቸው ተዝካር ላይ ይህን ለሰው ሁሉ አወሩ፤ አለቀሱም።

እንግዲህ የእትዬ አምሳለ ልጅ ዳኒ የእህቴን ልጅ ኤልያናን ሊያገባ ነው።

እትዬ አምሳለ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሰርግ የለም አሉ። ፌርፋክስ ላይ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው አንድ ነው። አንድ ቅዳሜ እትዬ አምሳለ፣ የሺሃረግና እኔ አድሚራሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰብን። ቆጠራውን በእውነት ያውቁበታል። ከወንዱም ከሴቷም ወገን ስም እየጠሩ፣ እኛን እያስታወሱ ሰባተኛው ላይ ደረሱ፤ አንድም ስም አልተገናኘም። የሺሃረግ እልል ልትል አፏን ከፈተች። እዚያ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር።

«ድንቅ እኮ ነው!» አሉ ጋሼ ተክለብርሃን። «አያቶቹ በአንድ መርከብ፣ ልጆቹ በአንድ ቤት!»

እትዬ አምሳለ የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሱት። «ጋሽ ተክለብርሃን፣ መሐላውስ?»

«የቱ መሐላ?»

«የአንድ እናት ልጆች ነን ያሉት። እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም ያሉት። እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

«እሱ እንኳ…» አሉ አድሚራሉ። የእህቴ አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

ወሬው መንገዱን ሁሉ ያዘው። ወለተ ጊዮርጊስ ላይ ያልተሳፈረ አያት ስላልነበረ የፌርፋክስ ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ እህትና ወንድም ሆነ። ቅመም የሚሸጠው ተስፋሁን ሚስቱን ገበያተኛ ፊት «እህት ዓለም» ብሎ ጠራትና ምሳ ተከለከለ። ሲካሰሱ የቆዩ ሁለት ሸሪኮች ወንድማማች መሆናቸውን ሲሰሙ ክሱን አጠበቁት። አባ ሀይለገብርኤል ተጠየቁ። ስለ መርከብ ዝምድና የተጻፈ ነገር አላየሁም አሉ፤ ሆኖም ወንጌል ተይዞ ከተማለ ቀላል ነገር ስላልሆነ ያሰረው ሰው ራሱ ይፍታው ብለው ወደ ቅዳሴያቸው ሄዱ። እትዬ አምሳለ ለሰርግ አዳራሹ ሰው ደውለው ሰርጉ ይቆይ አሉት።

ዳኒ ጋሼ ተክለብርሃንን ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ ፓርኪንጉ ላይ ያዛቸው። እኔም ነበርኩ።

«ሶ ጋሼ፣ ሰርጋችንን ካንስል ያደረገው የአንተ ጀልባ ነው?»

«መርከብ ናት።»

«ኦኬ፣ መርከብ። ፈጠርኩት በላት፣ በቃ፣ ጨረስን። ማሚ አንተን ትሰማለች።»

«ፈጠርኩት?» አሉ። «ፈጠርኩት ካልኩ እናትህ ነገ ጠዋት ያለ አያት ትነሳለች። ተዝካር ላይ ቆማ ያወራችውንስ ከስንት ሰው ጆሮ እናወጣዋለን?»

ዳኒ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ መኪናው ዞርኩ። ኤልያና መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ፊቷን በእጅጌዋ ትጠርግ ነበር። አድሚራሉ ቆመው አዩዋት፤ ከዚያ መልሕቃቸውን አንስተው ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ አምሳለን አስጠሩ። የሱዓድ ቤት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፤ ትዳሩ ያሳሰበው ሁሉ መጥቷል። ጋሼ ተክለብርሃን ከሥዕሉ ሥር ቆሙ።

«አምሳለ፣ ያ መሐላ አይጸናም።»

«ወንጌል አልተያዘም ነው የሚሉኝ?»

«ተይዟል። ያስያዘው ግን ካፒቴኑ አይደለም። ካፒቴኑ መርከቧ ላይ አልነበረም።»

ሰው ሁሉ ወደ ሥዕሉ ቀና አለ።

«አያትዎ?» አሉ እትዬ አምሳለ።

«አያቴ። መርከቧ ከምጽዋ ልትነሳ ስትል በሌሊት በገመድ ወርዶ ጠፋ።» እስከዚያች ቀን አያታቸውን ያለ አንቱታ ሲጠሩ ሰምተናቸው አናውቅም። «አልታመመም፤ አልተጠራም። ፈራ። ገመዱ ገና ሳይፈታ፣ አድማሱን ሲያይ ሆዱ ተገለበጠ።» ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም። እኔም ሳህኔን አየሁ። «ማዕበሉ ውስጥ የነበሩት የእናንተ አያቶች ናቸው። ሽሮውን ያፈላው ያንቺ አያት ነው። የእኔ አያት ወደቡ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። አለቃው በሌለበት የተማለ መሐላ፣ መሐላ አይባልም።»

እትዬ አምሳለ ነገሩን አገላብጠው አገላብጠው አዩት።

«ጠብታ አላፈሰሰም?»

«ጠብታ!»

«እንግዲያውስ ይጋቡ።»

የሺሃረግ ያን ያህል ጊዜ ጉሮሮዋ ላይ የቆየውን እልልታ ለቀቀችው። ተስፋሁን ሚስቱን በስሟ ጠራት። ዳኒ ማንን ማቀፍ እንዳለበት ግራ ገብቶት ሱዓድን አቀፈ። በዚህ ሁሉ ግርግር መሐል ጋሼ ተክለብርሃን ወንበር ላይ ወጥተው ሥዕሉን አወረዱ፣ በብብታቸው ያዙ፣ ወጡም። ሱዓድ ምስማሩን ልትነቅለው መዶሻ አመጣችና መልሳ ወሰደችው።

ሰርጉ ግሌንዴል ተደገሰ። አድሚራሉ ከድምፅ ማጉያው ሥር፣ ማንም የማይቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰልማን የሚባል፣ ገና በዚህ ዓመት የመጣ ልጅ ሰላም ሊላቸው ጎንበስ አለና፣ እንደ ደንቡ የማን ልጅ እንደሆነ ነገራቸው። አያቱ ጅማ ነጋዴ ነበሩ። ጠበቅኩ። ጋሼ ተክለብርሃን «ነፍሳቸውን ይማር» አሉና ለስላሳቸውን አነሱ። ሰልማን ሄደ፤ አያቱም ጅማ፣ ደረቅ መሬት ላይ ቀሩ።

ለአሥር ዓመት እኚህ ሰው በተዉኝ ስል ኖሬያለሁ። አሁን ሲተዉኝ አልወደድኩትም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ የእኔ አያት በየትኛው መርከብ ነበር ያሉኝ?»

እያሾፍኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ረጅም ጊዜ መረመሩት።

«አልሳፈርም ብለህ አልነበረም እንዴ?»

«ቦታ ካለ ብዬ ነው።»

«ለእሱማ ምን ጊዜም ቦታ አለው።» ብርጭቋቸውን አስቀመጡ፤ ጀርባቸው ቀና አለ። «ዘብ ነበር አላልኳችሁም? ያን ሌሊት ተረኛው እሱ ነው። አያቴ በገመድ ሲወርድ ከመርከቧ ሰው ሁሉ ያየው እሱ ብቻ ነው።»

«ታዲያ አልጮኸም?»

«መጮኽ ነበረበት። ዘብ ነው።»

«ምን አደረገ?»

«ምን ያደርጋል? መቋሚያውን ተደግፎ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።»

አያቴን አውቃቸዋለሁ። ልክ እንደዚያ ያደርጉ ነበር።