ጋሼ «በመጨረሻም»

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ተጨምቆ ስንት ማንኪያ ይወጣዋል? ጥያቄው የፈላስፋ ይመስላል እንጂ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጫማውን እያየ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። ክቡር ጋሼ «በመጨረሻም» ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠይቁት ነበር።

በየቤተ ክርስቲያኑ ጸሎቱ ማለቂያ የሌለው አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። እስካሁን ካላጋጠማችሁ ምናልባት እናንተው ናችሁ። የእኛው ሰው ሕሙማንን እየዞሩ መጠየቅና መጸለይ ነው አገልግሎታቸው፤ ቅጽል ስማቸውንም ያወጣላቸው የሕሙማኑ ክፍል ነው። «በመጨረሻም ጌታ ሆይ...» ሲሉ አዲስ በሽተኛ ተስፋ ያደርጋል፤ ነባሩ ግን ትራሱን ያመቻቻል። ገና ሐኪሞቹ፣ የሐኪሞቹ ልጆችና ባሕር ላይ ያሉ መንገደኞች በጸሎቱ አልተነሡማ!

የጎማ ጫማቸው ሲንሿሿ የሰማ ሁሉ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። «ጋሼ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ» ትላለች ነርሷ።

«እኔም እያበቃሁ ነው፣ ልጄ» ይላሉ ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

ዐይን አለመግለጥ ጣጣ አለው። አንድ ቀን ለኩላሊት በሽተኛ አንጀት የሚበላ ጸሎት አደረሱ። በሽተኛው ለካ ድኖ ቤቱ ገብቷል። አልጋው ሥር ተጋድሞ የአልጋውን እግር የሚጠግን ሠራተኛ፣ መሃል ላይ መውጣት አፍሮ እስከ ፍጻሜው ቆየና «አሜን» አለ።

«ተመስገን! ድምፅህ እንኳ በረታ!» አሉ ጋሼ፤ ከዚያ ዐይናቸውን ገለጡ።

ከሁሉ የባሰው መስኮት ሥር የተኛው ልብስ ሰፊ ነበር። ስኳር በሽታ እግሩን አቁስሎት ወራት ተኝቷል። ጋሼን ባየ ቁጥር ወደ ግድግዳው ዞር! እሳቸውም ለጀርባው ይጸልያሉ። ፊቱን በቅጡ አያውቁትም፤ ማጅራቱ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ ግን ከሺህ ማጅራት መሃል ይለዩአታል።

ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ «በእርስዎ ጸሎት ተጽናናሁ» ብሏቸው አያውቅም። አንድ ዓርብ ተነሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ ሄዱ።

«ልጄ፣ አሰናብቱኝ። ድንጋይ ላይ ስዘራ ነው የኖርኩት።»

«እንጸልይበት፣ ጋሼ።»

«አደራ፣ አጭር ይሁን» አሉ ጋሼ።

በማግስቱ ቀሩ። ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው እፎይ ሊሉ ተሰየሙ፤ እፎይታው ግን አልመጣም። ቁም ሳጥኑን ከፍተው ዘጉ፤ ድስቱን ከፍተው ከደኑ።

«አንተ ሰውዬ፣» አሉ ባለቤታቸው፣ «ጌታ አገልግል አለህ እንጂ አዝመራውን ስፈር አለህ? ወይ ሂድ፣ ወይ ከማድ ቤቴ ውጣልኝ!»

ስልኩ ጮኸ። ነርሷ ናት። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ልብስ ሰፊው ከጠዋት ጀምሮ በር በር እያየ አስቸገረን። ይኸው፣ ራሱ ያናግርዎት።»

«ምነው ቀሩ?» አለ ሻካራ ድምፅ።

«እኔማ... ፊትህን ስታዞርብኝ የጠላኸኝ መስሎኝ።»

«ጸሎትዎ ይረዝማል፤ እሱን አልክድም። ግን ዘመዶቼ ጀርባዬን ብሰጣቸው ሄደው ቀሩ። ጀርባዬን ሰጥቼው በሳምንቱ የሚመለስ ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ? አሁን ወደ ግድግዳ ብዞር ለማን ብዬ ነው?»

ጋሼ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ወጡ። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ሲደርሱ አያቸው፤ አየና ወደ ግድግዳው ዞረ። ጥቁሯ ነጥብ በቦታዋ አለች! ከደረታቸው ላይ የወፍጮ ድንጋይ የተነሣላቸው ያህል ተነፈሱና ጸሎት ጀመሩ። «በመጨረሻም» ላይ ሲደርሱ፣

«ምን አስቸኮለዎት?» አለ ጀርባው።

ያ «አሰናብቱኝ» ያሉት ልመና እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። መጋቢው በተጠየቀ ቁጥር «እየጸለይንበት ነው» ይላል፤ ባለቤታቸውም ቅዳሜ ሲነጋ ያንን የጎማ ጫማ ወልውለው በር ላይ ያስቀምጡታል።