እትዬ ቀና በሉ እና የጋና ሶፋ

ሱቅ በተደረደረበት መንገድ ሁሉ አንድ «ቀና በሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። መብራት ይጠፋል፣ ውሃ ይጠፋል፣ ዝርዝር ሳንቲም ይጠፋል፤ እሱ ግን አይጠፋም። እጁን ለሰላምታ ከመዘርጋቱ በፊት ስልኩን ይዘረጋል። ዳቦ ሲገዛ ከመቁረሱ በፊት ወደ ደጅ አውጥቶ ብርሃን ያሳየዋል። ለቅሶ ቤት ገብቶ አፉ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲል እንኳ ዓይኑ በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን ይለካል።

ለዚህኛው መንገድ የደረሱት እትዬ ቀና በሉ ናቸው። በሥራቸው መጋረጃ ሻጭ፣ በገዛ ሥልጣናቸው ደግሞ የመንገዱ የብርሃን ሚኒስትር፣ የፕሮፋይል ፎቶ ሁሉ የበላይ ጠባቂ። ስሙን ያወጡላቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ እሳቸውም ሹመት እንጂ ስድብ ስላልመሰላቸው ደስ ብሏቸው ተቀብለውታል። ከስልካቸው ፊት አንገቱን ሳያቀና ያለፈ ነጋዴ የለም።

ጎማ ጠጋኙ ከኢንተርኔት የለቀመውን ቀይ የውድድር መኪና በፔጁ ላይ ለጥፎ ነበር። ደንበኞች ጎማ ማስጠገኑን ትተው መኪናው በስንት እንደሚሸጥ ይጠይቁት ጀመር። እትዬ መጥተው መኪናውን አስነሱና በዘይት የጠቆረ እጁን ከነጎማው አነሱት። ፀጉር አስተካካዩ የለጠፈው አንበሳ ነበር። «በዚህ የሚፈራህ እንጂ የሚላጭልህ አታገኝም» አሉት። ጥርስ ሐኪሟ ጽጌረዳ ነበራት፤ «ልጄ፣ አበባ ጥርስ ይነቅላል?» ብለው ጠየቋት። ዳቦ ጋጋሪው ከነአማቾቹ ተሰልፎ የተነሳውን ሲያሳያቸው ደግሞ ስልኩን አርቀው፣ አቅርበው፣ እንደገና አርቀው አዩና፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ጋጋሪው የትኛው እንደሆነ ሕዝቡ እንዲገምት ነው ወይ አሉት።

«ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» የሚለውን ተረት ራሳቸው እንዳወጡት አድርገው ነው የሚናገሩት። ሕጋቸው አጭር ነው፤ ፊት ይታይ፣ ብርሃን ከመስኮት እንጂ ከጣሪያ አይምጣ፣ ከጀርባ ባልዲ አይኑር። ከሁሉ በላይ ግን ክቡ አይረሳ። «እናንተ ፎቶውን አራት ማዕዘን ታነሱታላችሁ፣ ስልኩ ግን ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል። ከክቡ የወጣ ከገበያ ወጣ» ይላሉ፣ ጣታቸውን በአየር ላይ እያዞሩ።

የሚያናድደው ልክ መሆናቸው ነበር። ልክ ሆነው ትንሽ ቢያፍሩ እንኳ ባልከፋ።

በዚህ ከሁሉም ይልቅ የምትናደደው የጋሼ ሶፋ ሚስት ነበረች። ባሏ አልጋና ሶፋ ሲጠግን ስለኖረ መንገዱ ሁሉ ጋሼ ሶፋ ይለው ነበር። አምና ሞተ። እሷ መርፌውንም መዶሻውንም ከሱ ተምራ ነበርና ሱቁን አልዘጋችም፤ ሥራው ግን እየሳሳ ሄደ። ሱቋን ከእትዬ ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ከማዶ የእትዬ ስልክ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። አንዷ ለሳሎኗ፣ ሌላው ለልጆቹ መኝታ ቤት መጋረጃ ያዝዛሉ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋታል። ሴትዮዋ እኮ የመጋረጃ ጠርዝ አጥፈው መስፋት አይሆንላቸውም፤ ስፌቱን የሚያሠሩት በሌላ ሰው ነው። እሷ ግን እድሜዋን በሙሉ ሰፍታ፣ ስልኳ እንደ ድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ቋንቋችን ተንኮለኛ ነው። ሰው አንገቱን ሲያነሳ ቀና ይላል፤ ሥራው ሲሳካለት ይቀናዋል፤ የጎረቤቱ ሲሳካ ደግሞ ይቀናል። ሦስቱም በዚያ ስስ ግድግዳ ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። ቀና በሉ የሚሉት እትዬ፣ የቀናቸውም እትዬ፤ የቀናችው ግን እሷ።

የሷ ሱቅ ፔጅ ላይ ያለው የባሏ ፎቶ ነው። ለመታወቂያ የተነሳው፣ ከንፈሩ ግጥም ያለ፣ ዳኛ ፊት የቀረበ የሚመስል። ካሜራ ፊት ጥርሱን አሳይቶ አያውቅም፤ በሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ የመጣው ሊመሰክር ይመስላል። ሰው «ጋሼ፣ ሶፋዬ ተቀደደ» ብሎ ሲጽፍ እሷ «ነገ መጥቼ አየዋለሁ» ብላ ትመልሳለች። መዋሸቷ አልነበረም፤ «መጥቼ አየዋለሁ» ያለው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይለይም። ችግሩ በሩን ሲከፍቱላት ነው። ሰዎቹ ከትከሻዋ በላይ አሻግረው ጋሼን ይፈልጋሉ። መሞቱን ሲሰሙ ያዝናሉ፣ ቁጭ በይ ይሏታል፣ ውሃ ያቀርቡላታል፤ ሶፋውን ግን «ሌላ ጊዜ» ይሉና ይተዉታል። እያደር ሱቁ ከባለቤቱ ጋር የሞተ ተደርጎ ተቆጠረ።

በዚህ መሐል የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የመመገቢያ አዳራሹን ወንበሮች በሙሉ አዲስ ጨርቅ ሊያስለብስ መሆኑ ተሰማ። ሄዳ አነጋገረችው። ትሁት ሰው ነው፤ የላይኛው መንገድ ሶፋ ሠሪን ጨምሮ ሌሎችም እንደጠየቁት፣ የሁሉንም ፔጅ ተመልክቶ ቅዳሜ እንደሚወስን ነገራት። ይህን ሥራ ካገኘች ሱቁ በሕይወት መኖሩን መንገዱ ሁሉ ያያል። ካጣችው ግን መዝጊያውን አውርዳ ቁልፉን ለአከራዩ ከመመለስ ሌላ የቀራት ነገር አልነበረም።

ግድግዳው በሁለቱም በኩል ስስ ነው። እትዬ ሰሙና መጡ።

«እህቴ፣ ይሄ ፎቶ ይነሳ» አሉ። «ሰውየው ወንበሩን የሚሰጠው ለሚሠራለት ሰው ነው። የሚሠራለትን ሰው ይየው።»

እሷ አስብበታለሁ አለች። አስብበታለሁ ማለት በሷ አነጋገር በሩ ያውልዎት ማለት ነው። እትዬ ወጡ። እሷም ብቻዋን ስትቀር ነገሩን አብሰለሰለችው። የመንገዱ ብርሃን ሁሉ አልበቃ ብሏቸው፣ አሁን ደግሞ ባሌን ከገዛ ሱቁ ሊያስወጡት! ፊት ካስፈለገ የሱቁ ፊት ይኸውና ብላ ወደ ደጅ ወጣች። ባሏ በገዛ እጁ የጻፈውን ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር አነሳችው፤ ፊደሉ ጉልህ፣ ቀለሙ ያልለቀቀ። የመታወቂያውን ፎቶ አውርዳ እሱን ለጠፈች። ማንንም አላማከረችም።

ከሰዓት በኋላ ያ ድንጋይ የነበረ ስልክ ይጮኽ ጀመር። በደስታ መርፌዋን ጣለች። የመጀመሪያው መልእክት «የጋና ሶፋ አላችሁ?» ይላል። ሁለተኛው ከጋና ለማስመጣት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ይጠይቃል። ሦስተኛው ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ «እውነተኛው የጋና ነው ወይስ ኮፒ?» ብሎ ጠየቃት።

ምኑም አልገባትም። ጋናን በካርታ ላይ እንኳ ፈልጋ አታውቅም። በመጨረሻ ፔጇን ከፍታ ብታይ፣ ክቡ ቁጭ ብሏል። ሰሌዳው «አልጋና ሶፋ ጥገና» ነው የሚለው። ክቡ ከወዲህ «አል»ን፣ ከወዲያ «ጥገና»ን ቆርጦ ጥሎ «ጋና ሶፋ»ን አስቀርቷል።

ሳታስበው ጮክ ብላ አነበበችው። ከግድግዳው ማዶ መጀመሪያ እንደ ሳል ያለ ነገር፣ ከዚያ እትዬ ራሳቸው በሩ ላይ። ሳቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። «ስለ ክቡ ነግሬሽ ነበር» ይላሉ ብላ ጠበቀች። አላሉም። ቢሉት ልታባርራቸው ተዘጋጅታ ስለነበር ባለማለታቸው ትንሽ ተናደደች።

ገብተው ከጥጉ ባልዲውን አስወጡ። ወንበር ወደ መስኮቱ ሳቡ፣ አስቀመጧት፣ መርፌና ክር አስያዟት።

«ቀና በዪ።»

«ቀና ብያለሁ።»

«ቀና ያለው አንገትሽ ነው። ፊትሽ ገና መሬት ላይ ነው ያለው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ በምሳሌ ሊያሳዩዋት ስልካቸው ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ይገፉ ጀመር። ጎማ ጠጋኙ አለፈ፣ ጥርስ ሐኪሟ አለፈች፣ ደጃፍ ላይ የተኛች ድመት አለፈች። ከዚያ ባሏ መጣ።

ክር በጥርሱ ይዞ ይስቃል። እትዬ ቶሎ ገፉት፤ ቀጥሎ ያለውም እሱ ነው፣ ዓይኑ እስኪጠፋ ይስቃል። ከሱም ቀጥሎ እሱ፣ መዶሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ።

የጋሼ ሶፋ ሚስት ስልኩ ላይ አፈጠጠች። ሸሚዙን እሷ አጥባ፣ አንገትጌውን እሷ ተኩሳ፣ ጥርሱን ግን ለጎረቤት! ቤቷ ያለው ፎቶ ያ ዳኛ ፊት የቀረበው ብቻ ነው። እሱን ስታይ ከርማ ሳቁ ምን ይመስል እንደነበር እየጠፋት ነበር። ለካስ ሳቁ ግድግዳው ማዶ፣ በሰው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል።

«የሰው ባል ሁሉ ለርስዎ ነው የሚስቀው?» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

እትዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ስልክ ከእጃቸው ሲወርድ ያየ ሰው የለም።

«ለኔ አልሳቀም።»

«ታዲያ እዚያ ሌላ ማን ነበር?»

«አንቺ ነበርሽ» አሉ። «ባልሽን ቀና በል ካሉት እንደ ወታደር ነው የሚገተረው። ስለዚህ ተውኩትና ሚስትህ ሥራውን እንዴት ለመደች አልኩት።»

እሱም ነግሯቸዋል። ብቻዋን የመጀመሪያውን ወንበር ስታለብስ የቀሚሷን ጫፍ ከጨርቁ ጋር ደርባ ሰፍታው እንደነበር፣ ደንበኛው ሲገባ እጅ ልትነሳ ስትነሳ ወንበሩም አብሯት ለሰላምታ እንደተነሳ፣ አንድም ሳያስቀር።

ፊቷ ጋለ። ያንን ለማንም እንዳይናገር አስምላው ነበር። አሁን ደግሞ በሳቁ ብቻ ሳይሆን በሚስጥሩም ቀናች።

«ደንበኛው ያኔ ምን እንዳለኝ ነግሮዎታል?» አለች።

«እሱንስ አልነገረኝም።»

እፎይ አለች። ይቺ እንኳ ለሷ ተርፋላታለች። ዝም ብላ ይዛት መቅረት ትችል ነበር፤ ግን የቀረችላትን ማሳየት አማራት።

«ኧረ ሁለታችሁም ተቀመጡ፣ ነው ያለኝ» አለች።

ይህን ስትል ባሏ ያን ቀን መዶሻውን ጥሎ ግድግዳ ተደግፎ እንዴት እንደተንፈራፈረ ትዝ አላት፤ ሳቋም አመለጣት። ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን ስትጠርግ እትዬ ስልኩን ሲያወርዱ አየች። መቼ እንዳነሱት አላወቀችም።

ፎቶው ክቡ ውስጥ ልክ ገባ፤ ፊቷ፣ ክሩ፣ ትከሻዋ ላይ የመስኮቱ ብርሃን። ቅዳሜ ከእንግዳ ማረፊያው ባለቤት መልእክት መጣ። «እመቤት፣ ወንበሮቹን መቼ መጥተው ያዩልኛል?» ይላል። እሷም እንደ ልማዷ «ነገ መጥቼ አያቸዋለሁ» ብላ መለሰች። በማግስቱ በሩን ሲከፍቱላት ከኋላዋ ማንንም አልፈለጉም።

የባሏን ፎቶዎች እንዲልኩላት እትዬን የጠየቀቻቸው ከዚያ በኋላ ነው። እትዬን ሕሊናቸው ወቀሳቸው፤ እውነቱን ለመናገር አንዱ ላይ ብቻ ነው ስለሷ የሚያወራው፣ በሌሎቹ ላይ ያን ያህል የሚስቀው ስለ ስፖንጅ ሲያወራ ነው አሏት። በስፖንጁም ትንሽ ቀናች። ቢሆንም ሁሉንም ይላኩልኝ አለች። ደጃፍ ላይ የተኛች ድመት ሳይቀር የሚለጥፉት እትዬ እነዚያን አንድም ቀን ለጥፈዋቸው አያውቁም። ለምን እንደሆነ አልጠየቀቻቸውም።

ከዚህ በኋላ ቅናቷ ለቀቃት ብሎ የሚያስብ፣ ቅናትን አያውቅም ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ወንበሮች ተሠርተው ሲወጡ መንገዱ አደነቀ፤ እትዬም ለአላፊ አግዳሚው ፎቶው የሳቸው መሆኑን ሲያስታውሱ ዋሉ። ሥራው የኔ፣ ምስጋናው የሳቸው እያለች ጥርሷን ነክሳ ሰፋች።

ባለፈው ሳምንት ግን ጎማ ጠጋኙ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። እትዬ ቀና በሉ የላይኛው መንገድ ላይ፣ ከዚያኛው ሶፋ ሠሪ ሱቅ ገብተው ባልዲ ሲያስወጡ ታይተዋል።

«የሰው ሴትዮ ይወስዳሉ እንዴ!» አለች፤ ለማን እንደተናገረች ራሷም አላወቀችም። ቀኑን ሙሉ ክሩ እየተበጠሰ አስቸገራት። ከግድግዳው ማዶ ስልክ አይጮኽም፣ ሳል የለም፣ ወንበር አይጎተትም። ያን ያህል የጠላችው ጩኸት ጠፍቶ ጸጥታው ከመርፌው ብሶ ወጋት።

ሱቆች ሊዘጉ ሲሉ እትዬ እግራቸውን እየጎተቱ በሩ ላይ ቆሙ። እሷ ከስፌቷ አንገቷን አላነሳችም።

«ሳቀልዎት?»

«ማን?»

«የላይኛው።»

እትዬ በሩን ተደገፉ። «ጥርስ እንዳለውም እንጃ» አሉ። «ስለ ሚስቱ ጠየቅኩት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት፣ ስለ ስፖንጅ እንኳ ጠየቅኩት።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ተነስታ ለእንግዳ ማረፊያው ካለበሰቻቸው ወንበሮች መሐል ገና ማንም ያልተቀመጠበትን፣ ስፌቱ ከሁሉ የሰመረላትን መርጣ ወደ በሩ ገፋችላቸው። እትዬ አዲሱን ጨርቅ አይተው ይቆሽሽብሻል ብለው ወደ ኋላ አሉ።

«ይቀመጡ» አለቻቸው። «ላይኛው መንገድ ላይ ወንበር እንኳ የሰጡዎት አይመስለኝም።»

እትዬ ተቀመጡ። በእርግጥም አልሰጧቸውም ነበር።